ከማሪ እስከ ማርላ፦ የኡድናዳታን የበረሃ መንገድ እንዴት እንንዳ?

አውስትራሊያ የምንኖር አብዛኞቻችን የምናውቀው የአገሪቱን የባሕር ዳር ነው። ሜልበርን፣ ሲድኒ፣ ፐርዝ፣ አዴሌድ። ወደ ውስጥ ያለው ሰፊ ቀይ መሬት፣ እነሱ «አውትባክ» የሚሉት፣ በአውሮፕላን መስኮት ቁልቁል አይተነው የምናልፈው ነገር ሆኖ ይቀራል። ያሳዝነኛል። የሚረባ መኪናና ጥቂት የዕረፍት ቀን ላለው ሰው፣ ደግሞም ተረጋግቶ ለሚዘጋጅ፣ መንገዱ ክፍት ነው።

ለጀማሪ የምመክረው ኡድናዳታ ትራክን ነው። በደቡብ አውስትራሊያ ግዛት ከማሪ ይነሳል። በዊልያም ክሪክና በኡድናዳታ አልፎ ማርላ ላይ ከስቱዋርት አውራ ጎዳና ጋር ይገናኛል። ርዝመቱ ወደ 620 ኪሎ ሜትር ሲሆን ሁሉም ፒስታ ነው። ደግነቱ በየ200 ኪሎ ሜትሩ ገደማ ነዳጅ ይገኛል። ስለዚህ እውነተኛ በረሃ ውስጥ እየነዳችሁ፣ ስህተት ብትሠሩ የሚደርስላችሁ ሰው ያን ያህል ሩቅ አይደለም።

መሬቱ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ጨው፣ አሸዋ፣ ስለታም ድንጋይ፣ ደረቅ ወንዝ፣ ቀይ አፈር ከቁጥቋጦ ጋር እየተፈራረቁ ይመጣሉ። ከጎማችሁ ሥር ያለው ሲለወጥ አነዳዳችሁም መለወጥ አለበት። እዚህ መንገድ ላይ ሰው ችግር ውስጥ ሲገባ ያየሁት በአብዛኛው ጠዋት የጀመረውን ፍጥነትና የጎማ ንፋስ ይዞ ማታ ድረስ ሲቀጥል ነው።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችና ወሮች ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ወሩን ምረጡ

ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ሂዱ። ቀኑ ደስ ይላል፣ ሌሊቱ ግን ይበርዳል፤ ጁላይ ላይ ወደ ዜሮ ሊጠጋ ስለሚችል ወፍራም ብርድ ልብስ ያዙ። በበጋቸው፣ ማለትም ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ፣ አትሞክሩት። ኡድናዳታ ላይ ጃንዋሪ 2 ቀን 1960 የተመዘገበው ሙቀት 50.7 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነበር። በእንዲህ ዓይነት ሙቀት መኪና ቢበላሽ ነገሩ የሰዓታት ጉዳይ ነው።

ሁለተኛው ዝናብ ነው። እዚያ አገር የሚዘንበው ትንሽ ቢሆንም መሬቱ ሸክላ ስለሆነ ትንሹም ይበቃዋል። መንግሥት መንገዱን ይዘጋል። የተዘጋ መንገድ ላይ መንዳት ከባድ ቅጣት አለው፣ ቅጣቱ ደግሞ ተገቢ ነው። በጭቃ ላይ አንድ መኪና የሚቆፍረው ቦይ ሲደርቅ ለወራት የሌላውን ሰው ጎማና ባሌስትራ ይሰብራል። ከመነሳታችሁ በፊትና በየመንደሩ የግዛቱን የአውትባክ መንገዶች ማስታወቂያ ተመልከቱ። ማሪ ስትደርሱም የትኛው መንገድ ክፍት፣ የትኛው ዝግ እንደሆነ የሚናገር ትልቅ ሰሌዳ መንገድ ዳር ቆሟል። ተዘግቷል ካለ ጠብቁ። ለዚህም ነው በዕቅዳችሁ ላይ አንድ ሁለት ቀን ትርፍ ማስገባት ያለባችሁ። ሰኞ ሥራ የሚገባ ሰው እሑድ ዝናብ ሲያግደው የማይሆን ውሳኔ ይወስናል።

መኪናው

መሬቱ ደረቅ ሲሆንና መንገዱ በቅርብ ሲጠረግ ተራ የቤት መኪናም ያልፈዋል። እኔ ግን ከፍ ያለ ፎር ዊል ድራይቭ ይሁን እላለሁ። የኪራይ መኪና ከሆነ ውሉን አንብቡ። ብዙዎቹ ውሎች ከአስፓልት መውጣት ይከለክላሉ። አንዳንዶቹ ፎር ዊል እያከራዩ እንኳ የተወሰኑ መንገዶችን ስም ጠርተው ያግዳሉ። ፈቃዱን በጽሑፍ ያዙ፤ አለበለዚያ ኢንሹራንሱ ዋጋ የለውም።

ከመነሳታችሁ በፊት መካኒካችሁን እነዚህን እንዲያይ ንገሩት፦ ቺንጋ፣ የራዲያተር ቱቦ፣ አሞርዛተር፣ ባትሪና የባትሪ ማሰሪያ፣ የአየር ፊልትሮ። ባትሪው በደንብ ካልታሰረ በመንቀጥቀጡ ብዛት ይላቀቃል። ፖርቶመጋላ ላይ ብዙ አትጫኑ። ከባዱን ዕቃ፣ በተለይ ውኃና ነዳጅ፣ ዝቅ አድርጋችሁ ወደ መኪናው መሐል አስቀምጡ። ፖርቶመጋላው ላይ ብርድ ልብስና ድንኳን ይበቃዋል።

ስኮርታ ሁለት ቢሆን ጥሩ ነው። ካልተቻለ አንድ ሙሉ መጠን ያለው ስኮርታና የጎማ መድፈኛ ዕቃ ያዙ። ቀጭኗ «ጊዜያዊ» ስኮርታ ለከተማ ናት፤ እዚህ አትጠቅምም። ክሪኩን ቤታችሁ በር ላይ አንድ ጊዜ አውጥታችሁ ሞክሩት። ከሥሩ የሚነጠፍ ወፍራም ጣውላም ያዙ፤ አለበለዚያ ክሪኩ መኪናውን ሳያነሳ ራሱ አሸዋ ውስጥ ይሰጥማል።

ውኃ፣ ስንቅና መገናኛ

ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 7 ሊትር ውኃ ቁጠሩ። በዚያ ላይ የሦስት አራት ቀን ትርፍ ጨምሩበት። ሁሉንም በአንድ በርሜል አትያዙ፤ አንዱ ቢቀደድ ሌላው ይተርፋል። በመንገዱ ላይ የምታዩአቸው ምንጮች ውኃቸው ጨውና ማዕድን ስለሚበዛው በእነሱ አትተማመኑ።

ስንቅን በተመለከተ እኛ ዕድለኞች ነን። ቋንጣ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮ፤ ፍሪጅ የማይፈልግ፣ ተንቀጥቅጦ የማይበላሽ፣ ሳይሞቅም የሚበላ። ከሜልበርን በሚልዱራ በኩል የምትመጡ ከሆነ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ደቡብ አውስትራሊያ ስትገቡ ያምባ ላይ የፍራፍሬ ዝንብ ፍተሻ አለ። ፍራፍሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ቲማቲምና ቃሪያም ይወሰዳል። ሳያስታውቁ መያዝ ያስቀጣል። ቃሪያውን ከድንበሩ ወዲያ ግዙት።

ስልካችሁ ከመንደሮቹ ውጪ አይሠራም። ስለዚህ ሁለት ነገር ያስፈልጋል። አንደኛው የዩኤችኤፍ ሬዲዮ ነው። ቻናል 40 የከባድ መኪና ሹፌሮች የሚነጋገሩበት ነው፤ ቻናል 5 ለአደጋ ጊዜ የተለየ ነው። ሁለተኛው የሳተላይት ስልክ ወይም ቁልፉ ሲነካ ያላችሁበትን ቦታ ለነፍስ አድን ሠራተኞች የሚልክ «ፒኤልቢ» የሚባለው ትንሽ መሣሪያ ነው። ፒኤልቢ ስትገዙ በስማችሁ አስመዝግቡት፤ ምዝገባው ነፃ ነው። አዳዲስ ስልኮች ላይ ያለው የሳተላይት ጥሪም ይረዳል፤ ብቸኛ ተስፋችሁ ግን አይሁን።

ለአንድ የታመነ ሰው የጉዞ ዕቅዳችሁን ስጡ። የት እንደምታድሩ፣ በስንት ሰዓት እንደምትደውሉ፣ ካልደወላችሁ በስንተኛው ሰዓት ፖሊስ እንዲጠራ። «ደህና ነን፣ እንደዋወላለን» አይበቃም። የአደጋ ቁጥሩ 000 ነው።

ጎማ፦ የሙያው ግማሽ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና።

አስፓልቱ እንዳለቀ ቁሙና ንፋስ ቀንሱ። ለመካከለኛ ፎር ዊል፣ አስፓልት ላይ 38 ወይም 40 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ መለኪያ) የነበረውን ለፒስታ ወደ 28 ወይም 30 አውርዱት። ጥልቅ አሸዋ ካጋጠማችሁ ወደ 18 ወይም 20። የመኪናችሁ በር ላይ የተለጠፈውን የጎማ መጠንና የጭነታችሁን ክብደት አገናዝቡ፤ ከባድ ጭነት ያለው ትንሽ ጨመር ያደርጋል። ንፋስ የቀነሰ ጎማ ስለታም ድንጋይ ሲያገኝ ይተጣጠፋል እንጂ አይቀደድም። መንቀጥቀጡንም ያበርድላችኋል።

ነገር ግን ንፋስ ሲቀንስ ፍጥነትም ይቀንሳል። ከ80 በላይ አትንዱ። ለስላሳ ጎማ በፍጥነት ሲሄድ ጎኑ ይግላል፤ የጋለ ጎማ ደግሞ ይፈነዳል።

ልኩ ትክክል መሆኑን እንዴት እናውቃለን? ግማሽ ሰዓት ያህል ንዱና ቁሙ። መዳፋችሁን በጎማው ጎን ላይ አሳርፉ። ሞቅ ካለ ደህና ነው። መዳፋችሁን ማቆየት ካቃታችሁ ወይ ፍጥነታችሁ በዝቷል፣ ወይ ንፋሱ አንሷል፣ ወይ ጭነቱ ከብዷል። መለኪያ ካላችሁ ቀዝቃዛ ሳለ የነበረው ንፋስ ሲሞቅ ከ4 እስከ 6 ፒኤስአይ ቢጨምር ጤነኛ ነው። ከዚያ በላይ ከጨመረ ቀዝቃዛው ልክ ዝቅ ብሎ ነበር ማለት ነው። አራቱንም ዳስሱ። አንዱ ከሌሎቹ የበለጠ ከጋለ ቀስ ብሎ እየተነፈሰ ሊሆን ይችላልና መርምሩት።

ጎማ ቢበሳ እንዲህ ድፈኑት። ጎሚስታ በ200 ኪሎ ሜትር ውስጥ የለምና ራሳችሁ መቻል አለባችሁ።

1. ቀዳዳውን ፈልጉ። ካልታያችሁ ጎማው ላይ የሳሙና ውኃ አፍስሱ፤ አረፋ የሚሠራበት ቦታ እሱ ነው። ሚስማር ከሆነ ወዲያው አትንቀሉት። መጀመሪያ የመድፈኛውን ክር መርፌው ላይ አስገቡና ማጣበቂያ ቀቡት።

2. አሁን ሚስማሩን በጉጠት ንቀሉ። ሞረድ መሰሉን ብረት ቀዳዳው ውስጥ አስገብታችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ሞርዱት። ኃይል ይጠይቃል፤ አትፍሩ።

3. መርፌውን ከነክሩ ግፉት። የክሩ ሁለት ጫፎች በጣት ውፍረት ያህል ውጪ እስኪቀሩ ድረስ ይግባ። ከዚያ መርፌውን ባንዴ ሳቡ። ክሩ እዚያው ይቀራል።

4. የተረፈውን ጫፍ ቁረጡ፤ በኮምፕሬሰር ንፉት፤ የሳሙናውን ውኃ ድገሙበት። አረፋ ከሌለ ትሄዳላችሁ።

ይህ የሚሠራው ለጎማው ፊት ብቻ ነው። ጎኑ ከተቀደደ ስኮርታ ቀይሩ። ስትቀይሩ ቡሎኖቹን መኪናው መሬት ላይ ሳለ ፈታ አድርጉ፣ ከዚያ በኋላ አንሱት። ከ50 ኪሎ ሜትር በኋላ ቁሙና ቡሎኖቹን እንደገና አጥብቁ።

ከማሪ እስከ ዊልያም ክሪክ፦ ጨውና ምንጭ

ማሪ ላይ ነዳጅ ሙሉ። ቁርስ ብሉ፣ መንደሩንም በእግር ዙሩ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የዚህ በረሃ ጭነት የሚጓዘው በግመል ነበር። ግመሎቹን የሚመሩት ከአፍጋኒስታንና ከዛሬዋ ፓኪስታን አካባቢ የመጡ ሙስሊሞች ነበሩ፤ ማሪ ላይ መስጊድ ሠርተው ነበር። በዚህ ያልፍ የነበረው ባቡርም ኋላ «ጋን» (ከ«አፍጋን» ያጠረ) የተባለው በእነሱ ስም ነው።

ይህ የድሮ ባቡር እስከ ማርላ አካባቢ ድረስ ባይሆንም እስከ ኡድናዳታ ከጎናችሁ አይለይም። ሐዲዱ ኡድናዳታ የደረሰው በ1891፣ አሊስ ስፕሪንግስ የደረሰው በ1929 ነው። በ1980 ተዘጋ፤ አዲሱ መስመር ወደ ምዕራብ ርቆ ተሠራ። ባቡሩ ለምን በዚህ አለፈ? በውኃው ምክንያት ነው። የእንፋሎት ባቡር ውኃ ይጠጣል። ከሱ በፊት በ1872 የተጠናቀቀው የቴሌግራፍ መስመርም ይህንኑ ተከትሏል። ከቴሌግራፉ በፊት አሳሹ ጆን ማክዱዋል ስቱዋርት ከምንጭ ወደ ምንጭ እየዘለለ ሄደበት። ከሁሉም በፊት ደግሞ የአገሩ ነባር ሕዝቦች የሆኑት የአራባናና የጎረቤቶቻቸው የንግድ መንገድ ነበር። ይህን ስታውቁ መንገዱ ለምን ወዲህና ወዲያ እንደሚጠመዘዝ ይገባችኋል።

ከማሪ ብዙም ሳትርቁ የዲንጎ አጥርን ታቋርጣላችሁ። ወደ 5,600 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የሽቦ አጥር ነው፤ የዱር ውሾችን ከበጎች ይለያል። ከዚህ ወዲያ በግ አታዩም፤ ከብት እንጂ። ከብቱም ያለ እረኛ፣ ያለ አጥር መንገዱ ላይ ይቆማል። በመንገዱ ላይ የብረት ፍርግርግ ድልድዮች ታገኛላችሁ፤ ከብት አይሻገራቸውም፣ መኪና ግን ያልፋቸዋል። ጫፋቸው ከመንገዱ ጋር ስለማይገጥም ፍጥነት ቀንሳችሁ ውጡባቸው። በር ካጋጠማችሁ እንዳገኛችሁት ተዉት፤ ዝግ ከነበረ ዝጉ፣ ክፍት ከነበረ ክፍት ይሁን።

መንገዱ እዚህ እንደ ቆርቆሮ የተሸበሸበ ነው። መሪው በእጃችሁ ይንቀጠቀጣል። አንዳንዱ «80 ስትነዳ ከላይ ከላይ ትንሳፈፋለህ» ይላል። እውነት አለው፤ ግን በዚያ ፍጥነት ጎማው መሬቱን አጥብቆ አይይዝም፣ ፍሬን ብትይዙ መኪናው ይንሸራተታል። ቀጥ ባለው ላይ 70 ገደማ፣ መታጠፊያና ቁልቁለት ላይ ከ50 በታች ይበቃል። መሪውን በድንገት አትጠምዝዙ። ካንጋሮ ዘሎ ቢገባ እንኳ ቀጥ ብላችሁ ፍሬን ያዙ፤ ብዙ መኪና የሚገለበጠው ለእንስሳ መሪ ሲጠመዘዝ ነው።

ከዚያ በስተቀኝ ነጭ ነገር ይታያል። ካቲ ታንዳ–ሌክ ኤር ነው፤ ደቡባዊው ክፍል። የአውስትራሊያ ዝቅተኛው ቦታ ሲሆን ከባሕር ወለል በታች ወደ 15 ሜትር ይወርዳል። የአፋሩን አሳሌ ለሚያውቅ ሰው ጥልቀቱ አያስገርመው ይሆናል፤ አሳሌ ከ100 ሜትር በላይ ይወርዳልና። ስፋቱ ግን ያስገርማል። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ጨው ነው፤ ከኩዊንስላንድ የሚመጣ ጎርፍ ሲሞላው የወፍ መዓት ያርፍበታል። ለአራባና ሕዝብ ቅዱስ ቦታ ነው። ሐይቁ ላይ መኪና መንዳት ክልክል ነው። ቢፈቀድም አያዋጣም፤ የጨው ቅርፊቱ ስስ ነው፣ ከሥሩ ጥቁር ጭቃ አለ። ከመንገዱ ዳር ካለው መመልከቻ እዩት።

ቀጥሎ ምንጮቹ ይመጣሉ። ከዋናው መንገድ ትንሽ ወጣ ብሎ ዋብማ ካዳርቡ የሚባል ጥብቅ ቦታ አለ። ደረቁ ሜዳ ላይ ጉብታ ቆሟል፤ ጉብታው ጫፍ ላይ ውኃ አለ። «በብለር» የተባለው ላይ ቆም በሉ። ውኃው መሐል ነጭ አሸዋ ቀስ ብሎ ያብጣል፣ ይከብባል፣ ከዚያ ይፈርጣል፤ ጥቂት ቆይቶ ሌላው ይነሳል። ይህ ውኃ ታላቁ የአርቴዥያን ተፋሰስ ከሚባለው ከመሬት በታች ካለ የውኃ ክምችት የሚወጣ ነው። ተፋሰሱ ከ1.7 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ኢትዮጵያን ቢያንስ አንድ ጊዜ ተኩል ያክላል። ከእንጨት መረማመጃው አትውረዱ። በእነዚህ ጉድጓዶች ውስጥ ሌላ የትም የማይገኙ ጥቃቅን ፍጥረታት ይኖራሉ።

ከዚያ ቀጥሎ ያለው ካዋርድ ስፕሪንግስ ለማደር ጥሩ ነው። የቴምር ዛፍ፣ ጥላ፣ የሚዋኙበት ትንሽ የምንጭ ገንዳ አለው። ከመሸ አትንዱ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ድንኳናችሁ ይቁም። ካንጋሮና ከብት የሚወጡት ያኔ ነው።

ከዊልያም ክሪክ እስከ ኡድናዳታ፦ አሸዋ፣ ድንጋይና ወንዝ

ዊልያም ክሪክ አንድ ሆቴልና ጥቂት ሰዎች ያሉበት ቦታ ነው። በአና ክሪክ ተከባለች፤ ከዓለም ትልልቅ የከብት እርባታዎች አንዱ ነው። ነዳጅ ቅዱ። ዋጋው ይወደዳል፤ ነዳጁ ስንት መቶ ኪሎ ሜትር ተጭኖ እንደመጣ ስታስቡ አታጉረመርሙም። ከዚህ ሆነው ሐይቁን በትንሽ አውሮፕላን የሚያሳዩ አሉ፤ ሐይቁ ውኃ ሲይዝ ገንዘቡ የሚገባው ነው።

ቀዩ አሸዋ ይጀምራል። መንገዱ ላይ ከሆናችሁ ብዙ አያስቸግርም፤ ግን ጉብታዎቹ ላይ ከወዲያ ማን እንደሚመጣ አታዩም። ግራችሁን ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ውጡ። ጉድጓድ ውስጥ የተጠራቀመ ልም አቧራም አለ፤ «ቡልደስት» ይሉታል። ከላይ ለጥ ያለ መንገድ ይመስላል፣ ከሥሩ ግን ጉልበት የሚያህል ጉድጓድ ሊኖር ይችላል። ቀለሙ ፈዛዛ የሆነ፣ የጎማ ምልክት ያልያዘ ልስልስ ቦታ ስታዩ ቀንሱ።

ከፊት ለፊት ትልቅ የአቧራ ደመና ሲመጣ «ሮድ ትሬን» ነው። ተሳቢዎቹ ሲደመሩ እስከ 53.5 ሜትር ሊረዝም ይችላል። በፍጥነት ለመቆም አይችልም፤ ለእናንተ ብሎም ከመንገድ አይወጣም። ግራችሁን ይዛችሁ ሙሉ በሙሉ ቁሙ፣ መብራት አብሩ፣ መስኮት ዝጉ፣ አቧራው እስኪወርድ ጠብቁ። ከኋላው ሌላ መኪና ሊኖር ይችላል።

የሞተ ካንጋሮ ላይ ንስር ካያችሁም ቀንሱ። ትልቁ ንስር ከባድ ነው፤ ሆዱ ሲሞላ ለመነሳት ጊዜ ይፈልጋል። በመስታወታችሁ ልክ ነው የሚነሳው።

ከዚያ የድንጋዩ ሜዳ ይመጣል። «ጊበር» የሚሉት ነው። መሬቱ እስከ አድማስ ድረስ በሚያብረቀርቅ ቡናማ ቀይ ድንጋይ ተነጥፏል። ውበቱ ልዩ ነው፤ ጎማ የሚበላውም እሱ ነው። ከተረገጠው መስመር አትውጡ። ዳር ይዛችሁ መቆም ካለባችሁም ድንጋዩ የተጠረገበትን ቦታ ምረጡ። ንፋሱን እዚህ ጋ አትጨምሩ፤ ሰው ድንጋይ ሲያይ ጎማ ማጠንከር ይቃጣዋል፣ ውጤቱ ግን ተቃራኒ ነው።

ወንዞቹ በአብዛኛው ደረቅ ናቸው። ውኃ ካለ ከመኪና ወርዳችሁ ተመልከቱ። የቆመ ከሆነ በዱላ እየለካችሁ በእግር ተሻገሩት፤ በዚህ አካባቢ አዞ የለም። የሚፈስ ከሆነ አትግቡ። መኪና በጉልበት ጥልቀት ውኃ ሊወሰድ ይችላል። አልጀቡኪና ላይ ያለው የኒልስ ወንዝ ዋናው ነው። 578 ሜትር የሚረዝመው የድሮ የባቡር ድልድይ እዚያ አለ። ከድልድዩ ሥር የዛገ አሮጌ መኪና ወድቋል። ባለቤቱ ወንዙ ሲሞላ በባቡሩ ድልድይ ላይ ለመሻገር ሞክሮ ከባቡር ጋር ተገናኘ ይባላል። ወንዝ ከሞላ ሻይ አፍሉና ጠብቁ።

ከተቀረቀራችሁ፣ መኪናው ከቆመ

ጎማ ባለበት ሲሽከረከር ነዳጅ መስጠት ወዲያው አቁሙ። እያንዳንዱ ዙር ጥልቅ ያደርገዋል። ንፋሱን እስከ 15 ፒኤስአይ አውርዱ። ከአራቱም ጎማዎች ፊት ያለውን አሸዋ በአካፋ ጥረጉ፤ የመኪናው ሆድ መሬት ነክቶ ከሆነ ከሥሩም አውጡ። የአሸዋ መውጫ ሰሌዳ ካላችሁ ከጎማው ሥር አስገቡ። ከዚያ በዝቅተኛው ፎር ዊል ማርሽ ቀስ ብላችሁ፣ ቢቻል በመጣችሁበት ዱካ ወደ ኋላ ውጡ። አብዛኛው መኪና በዚህ ይወጣል።

ካልወጣ ከመኪናው አትራቁ። ይህን ምክር ከሁሉ አስበልጣችሁ ያዙልኝ። በዲሴምበር 1998 ሁለት ኦስትሪያውያን ጎብኚዎች መኪናቸው ሌክ ኤር ዳር አሸዋ ያዘው። ውኃ ነበራቸው። ጥቂት ቀን ጠብቀው ወደ ዊልያም ክሪክ በእግር ተነሱ። እሱ ደክሞት ወደ መኪናው ተመለሰና ተረፈ። እሷ ቀጠለች፤ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛ ሞተች። አስከሬኗ ተገኝቶ ፍለጋ ሲወጣ መኪናው እዚያው ነበር።

መኪና ከሰማይ ይታያል፤ ሰው አይታይም። መኪናው ጥላ ነው፤ ውኃውም እዚያው ነው። ኮፈኑን ክፈቱ፤ ችግር ላይ መሆናችሁን ያሳያል። በሬዲዮ ጥሩ፣ ምላሽ ከሌለ ፒኤልቢውን ንኩ። በቀን ጥላ ሥር ተኙ፤ ሥራ ካለ ማታና ማለዳ ሥሩ። ውኃን በጥቂት በጥቂቱ አትቆጥቡ፤ ሲጠማችሁ ጠጡ። የታመመ ሰው ካለ በ1928 የተቋቋመው የበራሪ ሐኪሞች አገልግሎት በአውሮፕላን ይደርሳል፤ 000 ደውላችሁ የሚመጣው እሱ ሊሆን ይችላል።

ከኡድናዳታ እስከ ማርላ

ኡድናዳታ ሮዝ ቀለም በተቀባ ማደያዋ ትታወቃለች። የነዳጅ ቦታዎቹ ክፍት መሆናቸውን ከመነሳታችሁ በፊት ደውላችሁ አረጋግጡ፤ ለማንኛውም 20 ሊትር በጀሪካን ያዙ። ሰው እዚህ ይኖራል፤ ፎቶ ስታነሱ ጠይቁ።

የመጨረሻው 200 ኪሎ ሜትር ቀለል ይላል። ድንጋዩ እየሳሳ ቀይ አፈርና የሙልጋ ቁጥቋጦ ይተካዋል። ሰው የሚዘናጋውም እዚህ ነው። መንገዱ ይስተካከላል፣ ፍጥነት ይጨምራል፤ ከዚያ ድንገት ዝናብ የቆረጠው ቦይ መንገዱን ያቋርጣል። በየሁለት ሰዓቱ ሹፌር ቀይሩ።

ማርላ አስፓልቱ ላይ ስትደርሱ ወዲያው አትፈትለኩ። በስቱዋርት አውራ ጎዳና 110 ይነዳል፤ ለስላሳ ጎማ ያንን አይችለውም። በኮምፕሬሰር ወደ 38 መልሱ። ቡሎኖቹን ሁሉ በቁልፍ ፈትሹ። የጎማዎቹን ውስጠኛ ጎን በእጃችሁ ዳስሱ፤ ከውጪ የማይታይ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። የአየር ፊልትሮውን አውጥታችሁ አራግፉ። የራዲያተሩ ፊት ላይ የተለጠፈ ሣርና ነፍሳት ካለ አንሱ። ከዚያ ወደ ሰሜን አሊስ ስፕሪንግስ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ወደ ደቡብ ኩበር ፒዲ የዚያ ግማሽ ያህል። ለዕቅድ ለሰጣችሁት ሰው ደውሉና መውጣታችሁን ንገሩት፤ አለበለዚያ ፖሊስ በከንቱ ይፈልጋችኋል።